ለባለቤቷ ያልተሰጠችው ሞሪስ

ጋራዡን ከተውኩ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ሰይዶ፣ እጅህን አይበላህም?» ይሉኛል። ይበላኛል እንጂ። ዕድሜ ልኩን ግራሶ የለመደ እጅ በሳሙና ታጥቦ ጭን ላይ ሲቀመጥ የሌላ ሰው እጅ ይመስላል። ጠዋት ከመስጊድ ስወጣ እግሬ ወደ ጋራዡ ይዞኝ ይሄዳል፤ በሩ ላይ ስደርስ ነው ቁልፉን ለልጄ ለሉባባ እንዳስረከብኩ ትዝ የሚለኝ። ከዚያ ወደ ሐይቁ ዳር ወርጄ ዓሣ አጥማጆቹን እነዘንዛለሁ። የጀልባው ሞተር ሲያስል በሰማሁ ቁጥር «ካንዴላውን ጥረጉለት እንጂ፣ ጨካኞች» እላቸዋለሁ። እነሱም ስለለመዱኝ ይስቃሉ።

የመጨረሻ ሥራህ የትኛዋ መኪና ነበረች ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም። ስለሌላው ባወራም ባላወራም ግድ የለኝም፤ ስለሷ ሳላወራ ብቀር ግን ያንገበግበኛል። ስለዚህ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

ሥራ የጀመርኩት ደሴ፣ በአንድ የመንግሥት ጋራዥ ውስጥ ነው። አብዮቱ ገና ትኩስ ነበር። አለቃችን ከመኪና ይልቅ ስብሰባ የሚወድ ሰው ነበርና ሞተር ዘርግፈን ስንጀምር «ጓዶች፣ ውይይት አለ» ብሎ ይጠራናል፤ ስንመለስ የትኛው ዳዶ የትኛው ቡሎን ላይ እንደነበር ጠፍቶብን እንጣላለን። ከዚያ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም ለዘመቻ መኪኖች ጥገና ወልድያ ተላክሁ። ደሞዙ ያው የሰው ደሞዝ ነው። አበል ይሰጥሃል ተብሎ የሞላሁት ቅጽ ግን የት እንደቀረ እስከ ዛሬ አላውቅም። በነዚያ ዓመታት የተማርኩት መፍታትና መግጠም ብቻ ነበር። ሥራ የሚባለውን ነገር ያየሁት ወደ አገሬ ወደ ሐይቅ ተመልሼ ከጋሽ ይመር ጋራዥ ስገባ ነው።

ጋሽ ይመር ረጅም፣ ቀጭን፣ ሽርጡን እንደታጠቀ መኪና ሥር የሚገባ ሰው ነበር። ሙያውን የለመደው ደሴ ቀርተው ከነበሩ ጣሊያኖች ነው። አንድ ልማድ ነበረው፤ ባለመኪናው ቁጭ ብሎ ነገሩን ከመጀመሪያው ሳይነግረው ኮፈን አይከፍትም። እኔ ካቻቢቴዬን ይዤ ስቁነጠነጥ «ቆይ እንጂ አንተ፣ ሰውየው ገና አልጨረሰም» ይለኛል።

አንድ ጊዜ አንድ የእህል ነጋዴ ላንድሮቨሩ ዳገት ላይ እየጠፋበት መጣ። ሌሎች መካኒኮች ካርቦራተሩን ሦስቴ አጥበውለታል። ጋሽ ይመር አስቀምጦ ጠየቀው፤ መቼ ጀመረ፣ የት ነበርክ፣ ምን ጭነህ ነበር። ሰውየው ሲያወራ ሲያወራ የነዳጅ ክዳኑ ገበያ ላይ እንደተሰረቀና እንጨት አስጠርቦ በጨርቅ አጥብቆ እንደወተፈው ተናገረ። ጋሽ ይመር ተነሥቶ ውታፉን ነቀለው። ታንከሩ አየር ሲስብ ድምፁ ለሁላችንም ተሰማን። «ታፍኖ ነው» አለና ክዳን ሠራለት። ነጋዴው አፍሮ እየሳቀ ሄደ። እኔም ያን ቀን ከመንግሥት ጋራዥ የያዝኩትን ችኮላ መተው ጀመርኩ።

ሁለተኛው ልማዱ ግን ከዚህም ይብሳል። ጋሽ ይመር ጠግኖ የጨረሰውን መኪና የራሱን ሰው ሳይጭንበት ለባለቤቱ አይመልስም። የራሱ ሰው ማለት ሚስቱ እትዬ ዘሃራ ናት። መኪና ሲያልቅ ይጠራታል፤ እሷም እጇን በነጠላዋ ጠርጋ ትመጣና ከጎኑ ትቀመጣለች። ወደ አምባሰል የሚያወጣውን ዳገት ይዟት ይወጣል፣ ቁልቁለቱን ይወርዳል፣ ይመለሳል። ከወረደች በኋላ በሩን ትዘጋና «ስጠው ለባለቤቱ» ትላለች። ያቺን ቃል ሳትናገር ቁልፍ ከጋሽ ይመር ኪስ አይወጣም። ባለመኪናው ባለሥልጣን ይሁን ነጋዴ፣ ቆሞ የሚጠብቀው የእትዬ ዘሃራን አፍ ነበር።

«ለምንድን ነው እሷን የምትጭናት?» ብዬ ጠይቄዋለሁ።

«የሰው ሚስት ልትቀመጥበት አይደል እንዴ? ታዲያ የኔዋ በምን ትበልጣለች?» አለኝ። ሌላ ማብራሪያ አልሰጠኝም።

አሁን ሞሪሷን ለማታውቋት ልንገራችሁ። እንግሊዞች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለተራው ሰው ብለው የሠሯት ትንሽ መኪና ናት። ከዚያ በፊት መኪና ማለት ለብዙ ሰው የጌታ ዕቃ ነበር፤ እሷን ግን አስተማሪውም፣ በየመንደሩ የምትዞር አዋላጅም እንዲነዷት ነው ያሰቧት። ጀርባዋ ድቡልቡል፣ የፊት መብራቶቿ ፈጠጥ ያሉ ናቸው፤ የቀደሙቱ ደግሞ የፊት መስታወታቸው መሐል ለመሐል ተከፍሎ ሁለት ነው። ፍሬቻዋ እንደዛሬው ብልጭ ድርግም የሚል መብራት አይደለም። ከበሩ ኋላ ካለው ምሰሶ ውስጥ ትንሽ ክንድ ብቅ ትላለች። ክንዷ ካኮረፈች ምሰሶውን በጡጫ መታ ማድረግ ነው፣ ጠቅ ብላ ትወጣለች። ባትሪ ሲደክም ማኖቬላ የምንለውን መዘወሪያ ብረት ከፊቷ ሰክተህ ታዞራታለህ።

የፍሬን ዘይቷ የሚሞላበትን ቦታ የማያውቅ መካኒክ ኮፈን ከፍቶ ሲፈልግ ይውላል። እኔም ፈልጌያለሁ። ጋሽ ይመር እጁን አጣምሮ ሲያየኝ ቆየና «ሰይዶ፣ የባልቴት ገንዘብ ኪስ ውስጥ አይፈለግም፣ መቀነት ውስጥ ነው» አለኝ። ከዚያ የሾፌሩን በር ከፍቶ፣ ከእግር ሥር ምንጣፉን ገልጦ ክዳኗን አሳየኝ።

መሪዋ በቀኝ በኩል ነው። አገራችን በንጉሡ ጊዜ የግራ አነዳድ ትታ ወደ ቀኝ ስትዞር እሷ መሪዋን በቀኝ እንደያዘች ቀረች። እናም ሾፌሩ በመንገዱ ጠርዝ በኩል ይሆናል፤ አጠገቡ የሚቀመጠው ሰው ደግሞ ወደ መሐል መንገዱ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ።

ባለቤቷ መምህር ጌታሁን ነበሩ፣ የሐይቅ ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ መምህር። የአምባሰል ሰው ናቸው። አብዮቱ ሲመጣ ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ ፈረንጅ ሐኪም ነው ደሴ ላይ የሸጠላቸው። መምህር መኪና አይነዱም ነበር ማለት ይቻላል፤ በአምባሰል ቅኝት እያንጎራጎሩ ከመኪናዋ ጋር ይንሸራሸሩ ነበር። መስከረም ላይ ለግሸን በዓል የደከሙ አሮጊቶችን መንገዱ እስከሚያደርስበት ድረስ ያደርሳሉ። የእስላም ሙሽራ ከሆነች ደግሞ ያለሞሪሷ አትወጣም። ከሐይቅ ግማሹ ሰው በትዳሩ የመጀመሪያ ቀን የተቀመጠው እሷ ላይ ነው።

ከዚያ ጦርነቱ ጠና። ወደ ሰሜን የሚወጣው የወታደር መኪና መንገዱን ሞላው። መለዋወጫ የሚባል ጠፋ፤ የፍሬን ዘይትማ ስሙም አይነሣ። አንዳንዱ የሞተር ዘይት ይጨምርና ጎሚኒው፣ ማለት በፍሬኑ ውስጥ ያለችው ላስቲክ፣ አብጣ ትበላሻለች። ጋሽ ይመር ከጣሊያኖቹ የሰማው ነገር ነበር። የድሮ የፍሬን ዘይት ከጉሎ ዘይትና ከአልኮል ነው የሚሠራው። ጉሎ ደግሞ በየአጥሩ ሥር ሞልቷል። እትዬ ዘሃራ ፍሬውን ትቆላና ትወቅጣለች፣ ቀቅላ ዘይቱን ከላይ ትገፋለች። አልኮሉን ከጤና ጣቢያ እናገኛለን። ጋሽ ይመር ሁለቱን ንጹሕ ጠርሙስ ውስጥ ቀላቅሎ መስኮት ላይ ያስቀምጣል፣ ያሳድረዋል። «የተጋቡ መሆናቸው የሚታወቀው ሲያድሩ ነው» ይላል። ጠዋት ጠርሙሱ ጥርት ብሎ አንድ ዓይነት ከሆነ እንሞላለን። በዚህ ዘይት ስንቱን መኪና አስኪደናል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መምህር ጌታሁን ሞሪሷን እየገፉ መጡ። ፊታቸው አመድ መስሏል። የቀበሌ ሰዎች ለዘመቻ ሥራ መኪናዋን ፈልገዋታል።

«ነገ ጠዋት በራሷ ካልመጣች በመኪና አስጎትተን እንወስዳታለን አሉኝ» አሉ። «ከተጎተተች ደግሞ ቀረች ማለት ነው፣ ይመር። ሠርታ ከሄደች እኔም አብሬ እነዳለሁ፣ ስትጨርስ እመልሳታለሁ። ፍሬኗ ግን ከትናንት ጀምሮ እያፈሰሰ ነው።»

ጎሚኒዋን ገልብጠን አስተካከልነው። ዘይት ግን አልነበረንም። ጉሎው አለ፣ አልኮሉ የለም፤ የጤና ጣቢያው አልኮል እንዳለ ወደ ግንባር ተጭኗል። መምህር ጥቂት አሰቡና ወጡ። ሲመለሱ ጋቢያቸው ሥር ጠርሙስ ይዘዋል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ ጋሽ ይመር።

«ዳግም አረቄ ነው። ከሰፈሬ አስወጥቼው ነው።»

ጋሽ ይመር አፍንጫውን ያዘ። «ከአልኮሉ እኩል ነው?»

መምህር ቀመስ አደረጉ። አሰቡና ደገሙ። «እሳት ነው» አሉ።

«በቃ ሦስተኛ አይቅመሱ፣ ለመኪናዋም ይቅርላት።»

ጋሽ ይመር ማንኪያ ላይ አንጠባጥቦ ክብሪት ለኮሰበት። ሰማያዊ ሆኖ ነደደ። «ያው ነው ማለት ነው» አለ። እሱ በዕድሜው መጠጥ ከንፈሩን ነክቶት አያውቅም፤ የቱንም ያህል የሚያቃጥል አረቄ ገሚሱ ውኃ መሆኑን ከየት ይወቀው? መምህር ደግሞ ይህን ያውቃሉ፣ ውኃ በጋለ ፍሬን ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ግን አያውቁም። አንዱ አረቄ አያውቅ፣ አንዱ ፍሬን አያውቅ፤ እኔ ደግሞ ሁለቱንም አላውቅም።

ቀላቅሎ ናጠው። ነጭ ሆነ፣ አጓት መሰለ። «ይደር?» አልኩት ከልማዴ። ወደ መምህር አየ፣ ወደ ፀሐይዋ አየ። «ጠዋት ይወስዷታል እኮ» አለ። ክዳኗን ከፍቶ ሞላ፣ ከፍሬኑ ቧንቧ አየሩን አስወጣን። ፍሬኑ ሲረገጥ ጠንካራ ሆነ፣ ደስ አለን። እትዬ ዘሃራን ጠራት። እኔ ከኋላ ገባሁ።

ዳገቱን እንዴት እንደወጣችው አትጠይቁኝ፣ ዘፈን ነበር። እላይ ደርሰን ዞርን። ቁልቁለቱን ስንጀምር የመጀመሪያው ጠመዝማዛ ላይ ያዘች። ሁለተኛው ላይ ጋሽ ይመር እግሩን ደጋግሞ ሲረግጥ አየሁ። ሦስተኛው ጋ ስንደርስ የረገጠው ፔዳል ተመልሶ አልመጣም። ውኃው ፈልቶ እንፋሎት ሆኖ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ይህን ማን ያውቃል? የእጅ ፍሬኑን ሳበ። ማርሹን ወደ ሁለተኛ ሲያወርደው ሞተሯ ጮኸች፣ እሷ ግን መሄዷን አልተወችም።

መንገዱ ጠባብ ነው። በቀኝ፣ በሱ በኩል፣ ገደል ነው። በግራ፣ በእትዬ ዘሃራ በኩል፣ የድንጋይ እርከን። ጋሽ ይመር የሚዞርበት ሌላ ቦታ አልነበረውም። ወደ ግራ ጠመዘዘና እርከኑን ታክኮ አስገባት።

መኪናዋ ቆመች። በሩ ወደ ውስጥ ገብቶ የእትዬ ዘሃራን ጭን ይዞታል። እሷ ወደሱ ዞራ «ይመር፣ አንተ ደህና ነህ?» አለችው። መሪውን እንደጨበጠ ቀረ። መልስ አልሰጣትም።

ወጌሻ መጥቶ አጥንቷን ገጠመው፤ ዳነ፣ ግን እግሯ አጠረ። በማግስቱ ጠዋት ጋራዡ ስገባ ጋሽ ይመር የተረፈውን ጠርሙስ በብርሃን ላይ ይዞ ያየዋል። ዘይቱ ለብቻው፣ አረቄው ለብቻው ተኝተዋል።

«አልተጋቡም፣ ሰይዶ» አለኝ። ከዚያ አለቀሰ። ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

የቀበሌው ሰዎች መጥተው የተጨረማመተችውን መኪና አዩና «ይቺማ ምን ትሠራልናለች» ብለው ተመለሱ። ሞሪሷ በበሬ ተጎትታ መምህር ግቢ ገባች፣ ጎማዎቿ ወልቀው ድንጋይ ላይ ተሰቀለች። መምህር ጥቂት ቆይተው እትዬ ዘሃራን ሊጠይቁ ሲመጡ፣ ለማሳቅ ነው መሰለኝ፣ «ዘሃራ፣ እግርሽን ሰጥተሽ መኪናዬን ከዘመቻ አስቀረሽልኝ» አሏት።

«በሚቀጥለው የራስህን እግር ስጥ፣ መምህር» አለቻቸው። ሁለቱም ሳቁ። ጋሽ ይመር ግን ተነሥቶ ወጣ።

ከዚያ በኋላ የጨረሰው የመጀመሪያ መኪና አንድ ላንድሮቨር ነበር። አልቋል፣ ታጥቧል፣ ባለቤቱ መጥቷል። ጋሽ ይመር ግን ቁልፉን አልሰጠም፤ ሚስቱንም አልጠራም። መኪናውን እየዞረ ይነካካል። ሰውየው ሲጨነቅ፣ እትዬ ዘሃራ በምርኩዝ እያነከሰች ከቤት ወጣች።

«ክፈትልኝ» አለችው።

«ዘሃራ፣ ተይው በእናትሽ።»

«እኔ ካልተቀመጥኩ ማን ሊያምንህ ነው? ክፈትልኝ ብያለሁ።»

ደግፎ አስገባት። ሄደው ተመለሱ። ስትወርድ ሕመሙ ፊቷ ላይ ያስታውቃል፤ ቢሆንም በሩን ዘጋችና «ስጠው ለባለቤቱ» አለች። እንዲያ እንዲያ እያለች ጋሽ ይመር እስኪሞት ድረስ ያልተቀመጠችበት መኪና የለም። ከሞሪሷ በቀር። ሞሪሷን እሱም ዳግመኛ አልነካት፣ እሷም ስሟን አላነሣች። በመምህር ደጅ ስናልፍ ጋሽ ይመር ፊቱን ወደ ሐይቁ ያዞር ነበር። ታሞ ተኝቶ ልጠይቀው ስገባ አንድ ቀን እንዲህ አለኝ፤ «ሌላውን ሁሉ ለባለቤቱ ሰጥቻለሁ። ያቺ ብቻ ቀረች።» አላህ ይርሐመው።

ጋራዡን ተረከብኩ። በኔ ዕድሜ ለውጥ መጣ የተባለው ስንት ጊዜ ነው፤ በየለውጡ የታርጋው ቀለም ይቀየራል፣ የመንገዱ ጉድጓድ ግን ያው ነው። ቶዮታው መጣ፣ ሚኒባሱ መጣ፣ ባጃጁ እንደ አንበጣ ወረረን። ልጄ ሉባባ ጅዳ ሄዳ በሰው ቤት ሠርታ ተመለሰችና ጋራዡ ፊት ለፊት የመለዋወጫ ሱቅ ከፈተች። ሙያውንም ከኔ ለቀም ለቀም አድርጋ ያዘች። ሚስቴን ቀበርኩ። እትዬ ዘሃራ አረጀች። መምህር ጌታሁን ጡረታ ወጡ። ሞሪሷ ግቢያቸው ውስጥ እንደተሰቀለች፣ ዶሮ እየፈለፈለባት ተቀመጠች።

የመጨረሻው ጦርነት ወደኛ ሲመጣ ሐይቅ ባዶ ሆነች። እኔና ሉባባ መጀመሪያ ደሴ፣ ከዚያ ሌላውን ሰው ተከትለን እስከ ደብረ ብርሃን ሄድን። እትዬ ዘሃራን እንሂድ ብላት «ይሄ እግር አይሸሽም» አለችኝ። መምህርም ዓይናቸው ደክሞ ነበርና ቀሩ። ሁለቱ አዛውንቶች በአንድ ግቢ ተጠጉ፤ እሷ ታይላቸዋለች፣ እሳቸው ይደግፏታል። ስንመለስ የጋራዡ ዕቃ ተዘርፏል፣ አንዲት መፍቻ አልቀረችልኝም። ሞሪሷ ግን አለች። ጎማ እንኳ ስለሌላት አይተው ስቀው አለፏት አሉ።

ነገሩ የተነሣው ከዚያ በኋላ ነው። የመምህር ልጅ ጽጌ ከአዲስ አበባ መጣች። አባቷን ወስዳ ዓይናቸውን ልታሳክም ነው፤ ሐኪሙ ቶሎ ካልታከሙ ጨርሶ ይጠፋል ብሏታል። ግቢው ሊከራይ፣ ሞሪሷም ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ ልትሰጥ ነው። መምህር ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ንቅንቅ አልል አሉ።

«መኪናዬ ሳትነሣ አልነሣም ብያለሁ።»

«አባዬ፣ ዓይንህ እኮ ነው!» አለች ጽጌ፤ ከዚያ ወደኔ ዞረች። «ጋሽ ሰይድ፣ እባክህ አንድ ነገር በለው። ደግሞስ ብትነሣ መች ያያታል?»

«ድምጿን እሰማለሁ» አሉ መምህር።

ልጅቱ እንባዋ መጣ። አሳዘነችኝ፤ እሷ የፈለገችው አባቷን ማዳን ነው። እኔ ግን ከአፌ የወጣው ሌላ ነው። «እስከ መስከረም ስጪኝ» አልኳት። «በራሷ ዳገት ወጥታ ቁልቁለት ከወረደች መምህር ይሄዳሉ፣ መኪናዋን እኔ እጠብቃታለሁ። ካልሆነ ራሴ ብረት ገዢውን እጠራልሻለሁ።»

መምህር አንገታቸውን ነቀነቁ። «ተስማምቻለሁ» አሉ።

ሥራው እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግራችሁ አልችልም፤ እንዴት እንዳስፈራኝም እንዲሁ። ሞተሯ ደርቋል። ካንዴላዎቹን ነቅዬ በየቀዳዳው ዘይትና ናፍታ እያንጠባጠብኩ፣ በየቀኑ ማኖቬላውን ጥቂት እየገፋሁ ሰነበትኩ። አንድ ቀን ከማኖቬላው ጋር ዞረች፤ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ አልሐምዱሊላህ አልኩ። በሩን ቀጥቅጬ አወጣሁ፣ ጎማም ከደሴ ፈልጌ ገጠምኩላት። ጎሚኒዎቹን ከየት አገኛለሁ ብዬ ስጨነቅ ሉባባ በስልኳ ገባችና እንግሊዝ አገር ሰው ይህችን መኪና እስካሁን እንደሚወዳት፣ ዕቃዋም አንድ ሳይጎድል እንደሚሠራ አገኘች። ጅዳ ያለች ጓደኛዋ ተቀብላ በመንገደኛ ላከችልን። ጎሚኒዎቹ ከቴምር ጋር በአንድ ሻንጣ መጡ።

የፍሬን ዘይቱ ዛሬ በሉባባ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ነው። አንዱን ወስጄ በንጹሕ ጠርሙስ ገለበጥኩት፣ ከደንኩት፣ መስኮት ላይ አስቀመጥኩት።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ የፋብሪካ ነው፤ ምኑ ከምኑ ይጋባል?» አለችኝ እየሳቀች።

«ይደር» አልኳት።

አደረ። ጥርት ያለ ነበር። ሞላሁ፣ አየሩን አስወጣሁ፣ ደጋግሜ ረገጥኩ። ጠንካራ ነው። ያን ቀንም ግን ጠንካራ ነበር። ይህን ነው ሌላ ሰው የማይረዳኝ።

ሞሪሷን ወደ መምህር ደጅ ስነዳት መምህር ድምጿን ሰምተው ተነሡ፤ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ጽጌ እጇን አጣምራ «አባዬን ከማስገባቴ በፊት ማን ይሞክራታል?» አለች። ትክክል ናት። የጋሽ ይመር ሕግም ይኸው ነው። የኔ ሰው ሉባባ ናትና በሩን ከፍታ ልትገባ ስትል ከበስተኋላዬ የምርኩዝ ድምፅ ሰማሁ።

«ሉባባ፣ ውረጂ የኔ ልጅ» አለች እትዬ ዘሃራ። «ያ ቦታ የኔ ነው።»

«እትዬ፣ ግድ የለም፣ እኔ አለሁ» አለች ሉባባ።

እትዬ ዘሃራ ወደኔ ቀረብ አለች። «ሰይዶ፣ ፈርተሃል?»

«ፈርቻለሁ» አልኳት።

«እኔም ፈርቻለሁ። አብሽር፣ እንሂድ።»

ደግፌ አስገባኋት። ዳገቱን ወጣን። መንገዱ ዛሬ አስፋልት ነው፣ ሰፍቷል፤ ጠመዝማዛው ግን አልተለወጠም። እላይ ዞርኩ። መውረድ ስንጀምር እጇን በምርኩዟ ላይ ስታጠብቅ አየሁ።

«አቁም» አለችኝ። ረገጥኩ፣ ቆመች።

«ሂድ።» ሄድኩ። «አቁም።» ቆመች። እንዲህ እያደረገችኝ፣ ከኋላ ያለው ሚኒባስ ጡሩምባውን እየነፋ፣ እሷ ግን ዘወር ብላ ሳታየው፣ ቁልቁል ወረድን። እርከኑ ጋ ስንደርስ «እዚህም አቁም» አለች። ጫማዬ ከፔዳሉ ጋር የተጣበቀ መሰለኝ። ሞሪሷ ጸጥ ብላ ቆመች።

እትዬ ዘሃራ በመስኮት ድንጋዮቹን ስታይ ቆየች። «እዚህ ጋ ደህና ነህ ወይ ብዬው አልመለሰልኝም» አለች። «ዕድሜውን ሙሉ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁት፣ አልመለሰልኝም።»

ሚኒባሱ ጡሩምባውን እየነፋ አለፈን።

«በል ንዳ» አለችኝ ኋላ ላይ።

ግቢ ስንገባ ሁሉም እንደቆመ ነው። መምህር ግድግዳውን ትተው ወደ ድምፁ መጥተዋል፤ እጃቸው ተዘርግቷል። እኔ ቁልፉን ነቅዬ ያዝኩ። አልሰጠኋቸውም፤ አልችልማ። እትዬ ዘሃራ ቀስ ብላ ወረደች፣ ምርኩዟን አስተካከለች፣ የቀጠቀጥኩትን በር በመዳፏ ዳሰሰች። ከዚያ ዘጋችው።

«ስጣት ለባለቤቷ» አለች።

ቁልፉን መምህር መዳፍ ላይ አስቀመጥኩት። ጽጌ አባቷን ደግፋ አስገባች፤ ከጎናቸው ሉባባ እየነዳች ወደ ደሴ መናኸሪያ ወሰደቻቸው። ከግቢው ሲወጡ ፍሬቻዋ አኮረፈች መሰለኝ፣ ሉባባ ምሰሶውን በጡጫ መታች፣ ክንዷ ጠቅ ብላ ወጣች። መምህር ሲስቁ እስከ ደጅ ተሰማ። እኔ ወደ ቧንቧው ሄጄ እጄን በሳሙና ታጠብኩ። ከዚያ ወዲህ ሌላ መኪና አልነካሁም።